የባዘቶ ሰው

ትናንት ከምሳ በኋላ አቶ ምንውዬለት ጋቢያቸውን ጣል አድርገው ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ ሕልም አዩ። ያዩትም ውሻቸውን ነው። ይህ ሊደንቅ አይገባም፤ ካለፈው ወር ወዲህ እኒህ ሰው ከዚያ ውሻ ሌላ የሚያስቡት ነገር አልነበራቸውም።

አቶ ምንውዬለት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። እሳቸው በር ላይ ብቅ ሲሉ የሚሯሯጠው ልጅ ሁሉ ባለበት ቀጥ ይል ነበር። ያን ሁሉ ልጅ አሰልፈው ያሳደጉ ሰው በስተርጅና አንድ ቡችላ አቃታቸው። ከውጭ ከመጡት ከትንንሾቹ ዘር ነው፤ ቢያድግም ከድመት አይበልጥም ተብሎላቸዋል። ጠጉሩ ነጭና ብን ያለ ስለሆነ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ገና እንዳዩት፣ «ይሄ ባዘቶ ነው እንጂ ውሻ ነው እንዴ?» አሉ፤ ስሙ በዚያው ባዘቶ ሆኖ ቀረ። ያመጣችው ልጃቸው ማሕደር ናት። ሥራዋ ወደ ሰመራ ሲያዛውራት፣ «አባዬ፣ በዚያ ሙቀት ይሞትብኛል» ብላ አስረክባቸው ሄደች።

ባዘቶ ነገር ይገባዋል። ስሙን በአንድ ቀን ለመደ። የማቀዝቀዣውን በር ድምፅ ከየትኛውም ክፍል ሆኖ ይሰማል። አቶ ምንውዬለት ከውጭ ሲመጡ ገና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳሉ ኮቴያቸውን ለይቶ በር ሥር ይጠብቃቸዋል። ሽንቱን ውጭ መሽናት ብቻ ሞቼ እገኛለሁ አለ። አቶ ምንውዬለት ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ አቅፈውት ይወርዱና ግቢው ውስጥ ካለው የመብራት እንጨት ሥር ያቆሙታል። ባዘቶ ቢራቢሮ ያባርራል፣ ቅጠል ያሸታል፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሰላም ይላል፤ አንዲት ጠብታ ግን የለም። ተመልሰው ሲገቡ፣ በሩ ሳይዘጋ፣ ቀጥ ብሎ ምንጣፉ መሀል ይሄድና ዓይን ዓይናቸውን እያየ ይለቀዋል።

ያልሞከሩት የለም። ጋዜጣ አነጠፉለት፤ ባዘቶ ጋዜጣውን ብጭቅጭቁን አውጥቶ አጠገቡ ሸና። የሸናበትን ቦታ በኮምጣጤ አጠቡ፤ ቦታ ቀየረ። በመጨረሻም ተቆጡና በዚያ በትምህርት ቤት በር ድምፃቸው «ቁም!» ብለው ጮኹ፤ ከታች ፎቅ የሚኖር አንድ ጎልማሳ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፣ ሰሃን እንደያዘ ደንግጦ ቆመ ይባላል። ባዘቶ አልቆመም።

ትናንት ጠዋት ታዲያ ባዘቶ የወይዘሮ ጥሩወርቅን የተተኮሰ ነጠላ ላዩ ላይ ቆሞ አራሰው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልጮኹም፤ ይህ ነው ያስፈራው። ነጠላውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ባለቤታቸውን አዩና፣ «ምንውዬለት፣ ወይ እሱ ወይ እኔ» አሉ። ምድር ቤት የሚኖሩት ወይዘሮ ዘርፌ፣ ሰበታ ላይ ሰፊ ግቢ ያላት እህት አለቻቸው። ከሰዓት በኋላ ካርቶን ይዘው መጥተው ቡችላውን ሊወስዱላት ተነጋገሩ። አቶ ምንውዬለት «መልካም» አሉ። ምሳቸውን ግን ግማሹን ተዉት። ሶፋው ላይ ጋደም ሲሉ ባዘቶ መጥቶ ከሥራቸው ተጋደመ፤ እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በሕልማቸውም እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነበሩ። ነገር ግን ሶፋው ላይ የተቀመጠው ባዘቶ ነው፤ እሳቸው ወለሉ ላይ፣ ቅርጫት ውስጥ ተጠቅልለው ተኝተዋል። በዚያ አገር አንቱታው ሁሉ ወደ ውሾቹ ዞሯል። ስለዚህ ሕልሙ እስኪያልቅ ድረስ እኛም እንደ አገሩ ሥርዓት ባዘቶን አንቱ፣ ምንውዬለትን አንተ እያልን እንቀጥላለን።

ጋሽ ባዘቶ በቁመት አልጨመሩም። ያው ባዘቶ ናቸው፤ መነጽር ብቻ አድርገዋል። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ምንውዬለትን አዩትና፣

«ተነሣህ?» አሉት።

«አዎ ጌታዬ» አለ ምንውዬለት። ጌታዬ ማለቱ ለራሱ እንኳ አልገረመውም።

«መጥቶብሃል?»

«ምኑ?»

«አንተ ታውቀዋለህ።»

እውነትም መጥቶበት ነበር፤ ያውም ወጥሮ ይዞታል። ምንውዬለት ብድግ አለና ዕድሜውን ሙሉ እንዳደረገው ወደ ሽንት ቤቱ ሄደ። ገብቶ ገና መጀመሩ ነው፣ ከኋላው ጩኸት ሰማ። ዘወር ሲል ጋሽ ባዘቶ በር ላይ ቆመዋል፤ ከጎናቸው ደግሞ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ስትተኛ የሚያውቃት ቡናማዋ ውሻ አለች። አሁን ግን እትዬ ቡኒት ናቸው፤ ለእንግድነት መምጣታቸው ነው።

«ኧረ ጉድ!» አሉ እትዬ ቡኒት። «ኧረ የጉድ አገር! ምንጩ ውስጥ! ከምንጠጣበት ምንጭ ውስጥ!»

ለካ በዚያ አገር ያ ነጭ ሸክላ የቤቱ ምንጭ ነው። የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ክዳኑ ይነሣለትና መጀመሪያ ከእሱ ይጋበዛል። እትዬ ቡኒትም ከሥጋ ቤቱ ድረስ በእግራቸው መጥተው፣ ጠምቷቸው፣ ሊጋበዙ ነበር።

«አፍንጫውን ይንከሩለት!» አሉ እትዬ ቡኒት። «የእኛ ቤቱ ሰውዬ እንዲያ ነው የለመደው። ካልሆነም ጋዜጣ ጠቅለል ያድርጉና አንድ ያቅምሱት!»

ምንውዬለት ትከሻውን ሰብስቦ ምቱን ጠበቀ። ጋሽ ባዘቶ ግን መነጽራቸውን አውልቀው በመዳፋቸው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«የፈረንጅ ነው?» ብለው ጠየቁ እትዬ ቡኒት፣ ምንውዬለትን ከላይ እስከ ታች እያሸተቱ።

«የሐበሻ ነው።»

«ትልቁ ዘር ነዋ! ታዲያ ምን አደከመዎ? ትልልቆቹ ግትር ናቸው። ትንሽዬ ሰው ነበር ማምጣት።»

«ግትር አይደለም» አሉ ጋሽ ባዘቶ። «ገና አልገባውም።»

ምንውዬለት ይህን ሲሰማ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆረው። ስለ እሱ ክፉ የሚወራ መስሎት ጆሮውን ሊደፍን ምንም አልቀረው ነበር።

ጋሽ ባዘቶ ማሰሪያውን በአፋቸው ይዘው መጡ። ማሰሪያው ምንውዬለት ለወላጆች ቀን ያስረው የነበረ ሰማያዊ ክራቫት ነው። አንገቱ ላይ አጠለቁለትና ደረጃውን ይወርዱ ጀመር። እያንዳንዱ ደረጃ ከጋሽ ባዘቶ ቁመት ይበልጣል። እሳቸው ግን ጫፉ ላይ ቆመው ትንሽ ያስባሉ፣ ይዘላሉ፣ አንዳንዴ በአገጫቸው ያርፋሉ፣ ተነሥተው ራሳቸውን ያራግፋሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ክራቫቱን አንድ ጊዜም ከአፋቸው አልጣሉትም።

«ጌታዬ፣ ልሸከምዎ?» አለ ምንውዬለት።

«አንተ የአንተን ያዝ» አሉት በተያዘ አፋቸው። «ደረጃው የእኔ ነው።»

ከደጅ ሲደርሱ ሰፈሩ ሁሉ ተገልብጦ ጠበቃቸው። የጎረቤቱ የብረት በር ላይ «ኃይለኛ ሰው አለ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ከበሩ ሥር ዘበኛው በሰንሰለት ታስሮ፣ ሰሃን ፍርፍር ከፊቱ ተቀምጦለት፣ ባለፈ ባገደመው ውሻ ላይ «ማነው? ማነው? ማነው?» እያለ ይጮኻል። አስፋልቱ ላይ አንድ ፍየል ከሚኒባስ በር ተንጠልጥሎ «ሣር ቤት! ሣር ቤት! ሁለት ሰው የሞላ!» ይላል፤ ሣር ቤት በተባለ ቁጥር ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች በጎች ተንጫጭተው ያመሰግኑታል። መንታ መንገዱ ላይ አህያ ትራፊክ ቆማ ጭነት ያበዙ ሰዎችን ታስቆማለች። ምንውዬለት ይህን ሁሉ እያየ፣ በጣም ጨንቆት ስለነበር፣ ምንም አልጠየቀም።

«ይኸው» አሉ ጋሽ ባዘቶ፣ የመብራት እንጨቱ ሥር ሲደርሱ። «አንብበው።»

«ምኑን?»

«አሽትተው እንጂ! የሰፈሩ ወሬ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ልጅ እንደወለደች። ሁሉም ሲያልፍ የራሱን ጽፎ ይሄዳል። ቤት ውስጥ የሸናኸውን ማን ያነብልሃል? አንተ እዚህ ሰፈር መኖርህን ማን ያውቃል?»

ምንውዬለት በመምህርነት ዘመኑ ብዙ ማብራሪያ ሰምቷል፤ እንዲህ ልብ ውስጥ የሚገባ ግን አልሰማም። ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባው። መግባትና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው። ዙሪያውን ቢያይ ውሾቹ ወሬ ለማንበብ ተሰልፈው የእሱን ይጠብቃሉ። ሰውነቱ ቆለፈ። ወደ ላይ ሰማዩን አየ፣ አንዲት ቢራቢሮ አየ፣ የሚያልፉትን ሁሉ ጎንበስ እያለ ሰላም አለ። አንዲት ጠብታ የለም።

«አይዞህ» አሉ ጋሽ ባዘቶ። «ቆየት ብለን እንመለሳለን።»

ደረጃውን ወጡ። መውጣቱ ከመውረዱ የባሰ ነበር፤ ጋሽ ባዘቶ የፊት እግሮቻቸውን ደረጃው ላይ ሰቅለው የኋላቸውን በግድ ይጎትታሉ። አራተኛ ፎቅ ደርሰው በሩ እንደተከፈተ ምንውዬለት እየሮጠ ሄዶ ምንጩ ላይ ቆመ። ራሱን መግታት አልቻለም። ጥቂት አፍስሶ በፍርሃት ሲዞር ጋሽ ባዘቶ እያለከለኩ በር ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ቁጣ ይጠብቅ ነበር። ክራቫቱን አነሡና፣

«እንሂድ» አሉት።

እንዲህ ሲወርዱና ሲወጡ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሕልም ስለሆነ አይታወቅም። በመሀል ዝናብ መጣ። ያ ብን ያለ ነጭ ጠጉር ሰውነታቸው ላይ ተለጥፎ ጋሽ ባዘቶ አይጥ አከሉ። ቢሆንም እንጨቱ ሥር ከምንውዬለት ጎን ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፣ ቀና ብለው ያዩታል፣ ጅራታቸውን አንድ ጊዜ ወዘወዝ ያደርጋሉ። ምንውዬለትን ከዝናቡ ይልቅ ይህ አስጨነቀው። ለእሱ ሲል ማንም እንዲህ በስብሶ አያውቅም።

ያን ጊዜ ጥሩወርቅ መጣች። ነጠላዋን አሳምራ ለብሳ፣ ማንም ሳይዛት፣ ብቻዋን ወደ እንጨቱ መጣችና ከኋላው ዞራ ተመለሰች። ውሾቹ ሁሉ በአድናቆት አጉረመረሙ።

«እንዴት ያለች ጨዋ!» አሉ እትዬ ቡኒት። «ገና በሳምንቷ ነው የለመደችው።»

ጥሩወርቅ ባሏ አጠገብ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምንውዬለት፣ አታዋርደን እንጂ!» አለችውና አለፈች።

ወዲያው ዝናቡ ቆመና ሁሉም ራሳቸውን የነዋሪዎች ስብሰባ ውስጥ አገኙት። ሰብሳቢው ሻለቃ ናቸው። ሻለቃ በሰፈሩ የሚዞረው ጆሮ ቆራጣ ትልቅ ውሻ ነው፤ ጥበቃዎቹ ናቸው ስሙን ያወጡለት። አሁን ግን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ሲመቱ ስሙን የተሸከሙት በሹመት ይመስላል።

«አጀንዳችን አንድ ነው» አሉ ሻለቃ። «አራተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ እንግዳ የምንጋበዝበትን ምንጭ እየበከለ ነው።»

«ይወገድ!» አሉ ከኋላ።

«ሰው በቀደደው ጅብ ይገባል!» አሉ ሌላው።

«ዛሬ ምንጭ ውስጥ የሸና ነገ ሳህናችን ላይ ሊሸና ነው!»

«አንተ የሰው ልጅ!» ብለው አንዱ በንዴት ምንውዬለትን ሰደቡት። አዳራሹ ሁሉ በድንጋጤ ጆሮውን ቀሰረ።

«ስድብ የለም!» አሉ ሻለቃ። «የቱንም ያህል ቢያጠፋ እንዲህ ያለ ቃል አይወጣም። አሁን ወደ ውሳኔው። ሰው ሰብሳቢው መኪና በር ላይ ቆሟል። ጫካ ወስዶ ይለቀዋል። የሚቃወም አለ?»

ማንም አልተቃወመም። ጥሩወርቅ እንኳ አቀርቅራለች። ምንውዬለት ከውጭ የመኪናውን ሞተር ሲያጓራ ሰማ፤ ጫካ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ታየው።

«እኔ አለሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሁሉም ዙሪያውን አየ፤ የተናገረ ግን አልታየም። ኋላ ጋሽ ባዘቶ ወንበሩ ላይ ዘለሉ፤ አሁንም አልታዩም። ከወንበሩ ጠረጴዛው ላይ ዘለሉና ከሻለቃ አፍንጫ ፊት ለፊት ቆሙ። አንድ እፍኝ የማይሞሉ ናቸው፤ ሻለቃ አፋቸውን ቢከፍቱ ይውጧቸዋል።

«ዋስ እሆነዋለሁ» አሉ ጋሽ ባዘቶ።

«በምን?»

«በቤቴ። እሱ ካልለመደ ቤቴን ትቼ አብሬው እወጣለሁ።»

«ጋሽ ባዘቶ፣ እርስዎ የቤት ሆነው እንዴት ጫካ ይችሉታል?» አሉ እትዬ ቡኒት፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «አንድ ሌሊት አያድሩም እኮ!»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ባዘቶ።

ምንውዬለት እዚያ ስብሰባ መሀል እንባው ወረደ። ጠረጴዛው ሥር ሄዶ አንገቱን አዘቀዘቀና፣ «ጌታዬ፣ ለምን?» አለ። «እኔ እኮ የምረባ አይደለሁም።»

«ማን አለ?»

«ራሴ አየሁት። ይኼ ሁሉ ደረጃ፣ ይኼ ሁሉ ዝናብ... ምን አየህብኝ ብዬ ነው።» አንተ ማለቱን ሲያውቅ ደነገጠ።

ጋሽ ባዘቶ አልተቀየሙም። «ከውጭ ስመጣ በር ላይ ቆመህ ትጠብቀኛለህ» አሉት። «ኮቴዬን ከሁለተኛ ፎቅ ነው የምትለየው። እንዲህ የሚጠብቀኝ ሌላ ማን አለ? በል አሁን ተነሥ።»

ሻለቃም አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጡ። አገር ምድሩ ተግተልትሎ ወደ እንጨቱ ወረደ። ፍየሉ ሚኒባሱን አቁሞ መጣ፤ በጎቹ ተከተሉት፤ አህያዋም መንታ መንገዱን ትታ መጣች። መኪናው የኋላ በሩን ከፍቶ ቆመ። ጋሽ ባዘቶ ክራቫቱን ከምንውዬለት አንገት አወለቁለት።

«እንግዲህ» አሉት። «በርታ።»

ምንውዬለት ቆመ። ወጥሮታል፤ ሆዱ ሊፈነዳ ነው። ግን አልመጣም። ዓይኑን ጨፈነ፤ አልመጣም። ከአንድ እስከ መቶ ሊቆጥር ጀመረ፤ ሁሉም አብሮት ሲቆጥር ሰማና ተወው። ላቡ በጀርባው ወረደ። ሻለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሾፌሩ በሬ ጡሩምባውን አንድ ጊዜ ነካ አደረገው።

ጋሽ ባዘቶ አልቸኮሉም። ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀረብ ብለው እጁን አሸተቱት፤ የላቡን ጠረን ሳቡት፣ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረጉ፣ እንደገና ሳቡት። በአገራቸው ለዚህ ጠረን ቃል ስለሌለ ፍለጋው አድክሟቸዋል።

«አንተ» አሉት በሹክሹክታ፣ «እንዳይታይ ትፈልጋለህ እንዴ?»

ምንውዬለት ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«በእኛ?»

«በማንም።»

«ይኼው ነው ችግሩ?»

«ይኼው ነው ጌታዬ።»

ጋሽ ባዘቶ ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ምንውዬለት ዕድሜ ልኩን የሚረሳው አይመስልም። ወደ ሕዝቡ ዞሩና፣ ያቺ ትንሽ ሰውነት ከየት እንዳወጣችው በማይታወቅ ድምፅ፣

«ፊታችሁን አዙሩ!» አሉ።

«ለምን?» አሉ ሻለቃ። «እንዲህ ያለ ሥርዓት የለንም።»

«እኛ የለንም። እሱ አለው።»

ሻለቃ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ያችን ነጭ ጭብጥ አዩ፤ ምንውዬለትን አዩ፤ ከዚያ ያ ጆሮ ቆራጣ ሽማግሌ ቀስ ብለው ዞሩ። እትዬ ቡኒት ተከተሉ። ፍየሉ ዞረ፣ በጎቹ ዞሩ፣ አህያዋ ዞራ ጅራቷን ሰበሰበች። ጥሩወርቅ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች። ሰፈሩ በሙሉ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ቆመ።

በመጨረሻም ጋሽ ባዘቶ ራሳቸው ዞረው ተቀመጡ። ምንውዬለት ያችን ጀርባ አያት። ከዝናቡ ገና አልደረቀችም፤ የአከርካሪዋ አጥንቶች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ትንቀጠቀጣለች። የሌላው ሁሉ ቤት የተጠበቀ ነው፤ ይህች ጀርባ ግን ቤቷን ለእሱ አስይዛለች፤ አሁን ደግሞ ይሁን አይሁን እንኳ ዞራ ሳታይ ታምናዋለች። ምንውዬለት ብዙ አለቃ አይቷል፣ ብዙ ተቆጣጣሪ አይቷል፤ ከዚህች የበለጠ ትልቅ ጀርባ ግን አላየም።

ይህን ሲያስብ መጣ።

መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። እንጨቱን አለበሰው፣ ሥሩን አጥለቀለቀው። ድምፁን ሲሰማ ሕዝቡ መታገስ አልቻለም። እትዬ ቡኒት እልልታቸውን አቀለጡት፤ በሬው ጡሩምባውን ነፋ፤ በጎቹ ተቃቀፉ። ሻለቃ ሰብሳቢነታቸውን ረስተው ዘለሉ።

«ጎበዝ!» አሉ ጋሽ ባዘቶ፣ ጉልበቱን ለመድረስ ወደ ላይ እየዘለሉ። «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!»

ምንውዬለት ደረቱ በደስታ ሊቀደድ ደረሰ። በሠርጉ ቀን እንዲህ አልሆነም፤ ሲሾምም እንዲህ አልሆነም።

«ገና አለ!» ብሎ ጮኸ። «ጌታዬ፣ ገና አለኝ!»

«ልቀቀው!» አሉ ጋሽ ባዘቶ። «የኔ አንበሳ፣ ልቀቀው!»

ለቀቀው፤ ነቃም።

አቶ ምንውዬለት ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የተሰማቸው ሙቀት ነው። ቀጥሎ ሙቀቱ ወደ ቅዝቃዜ መለወጥ ጀመረ። ከሶፋው ጠርዝ አንድ ጠብታ ወለሉ ላይ ጠብ አለች፤ ተከትላትም ሌላ። ባዘቶ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ ጠብታዎቹን በአትኩሮት ይመለከታል።

ወይዘሮ ጥሩወርቅም ደርሰው ኖሯል። ሶፋውን አዩ፣ ጠብታውን አዩ፣ ባዘቶን አዩ።

«ሶፋዬን!» አሉ። «ደግሞ ሶፋዬን! አላልኩህም? ቁጭ ብሎ እኮ ነው የሚያየኝ፣ ምን እንዳደረገ እያወቀ!» ባዘቶን በማጅራቱ አንጠልጥለው አነሡት።

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳና ወይዘሮ ዘርፌ የቲማቲም ካርቶን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ገቡ። «ደህና ዋላችሁ? እህቴ እየደወለች አላስቀምጥ አለችኝ፤ ሰው ልካ እታች እየጠበቀ ነው» አሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቡችላውን ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጡት። ባዘቶ አልጮኸም፤ አገጩን በካርቶኑ ጠርዝ ላይ አስደግፎ አቶ ምንውዬለትን ማየት ጀመረ።

አቶ ምንውዬለት ጋቢያቸውን እስከ ወገባቸው ድረስ እንደሳቡ ተቀምጠዋል። የሚጠበቅባቸው ዝም ማለት ብቻ ነው። ወይዘሮ ዘርፌ ይሄዳሉ፣ ሶፋው ይታጠባል፣ ሱሪያቸውን በኋላ በዘዴ ይቀይራሉ። ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ያስፈሯቸው ሁሉ፣ ሰሃን ይዞ የቆመው ጎልማሳ ሳይቀር፣ ርዕሰ መምህር እንዳሏቸው ይኖራሉ።

ወይዘሮ ዘርፌ የካርቶኑን ክዳን ማጠፍ ጀመሩ።

«ጥሩዬ» አሉ አቶ ምንውዬለት።

«ምነው?»

«አውጪው። እሱ አይደለም።»

«እንዴት እሱ አይደለም? ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

አቶ ምንውዬለት ጋቢውን ገለጡ።

ወይዘሮ ዘርፌ ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሱሪውን ተመለከቱ፤ ከዚያ የባላቸውን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያም ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ።

«ዘርፍዬ» አሉ፣ «ካርቶኑ ሁለት ይይዛል?»